የተዛባ የኮከብ ምስል፦ በአነስተኛ መሪ ቴሌስኮፕ ላይ የሚታዩ ጉድለቶችና መንስኤያቸውን የመለያ ዘዴ

መግቢያ

ኮከብ ከምድር እጅግ የራቀ በመሆኑ በማንኛውም አነስተኛ ቴሌስኮፕ ሲታይ ስፋት የሌለው የብርሃን ነጥብ ነው። ስለዚህም የቴሌስኮፕን ደኅንነት ለመመርመር ከኮከብ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ነጥብ መሆን የሚገባው ብርሃን ሞላላ፣ ባለ ጅራት፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ወይም ብዥ ያለ ሆኖ ከታየ፣ በኮከቡና በተመልካቹ መካከል ካሉት ነገሮች አንዱ አዛብቶታል ማለት ነው። እነዚህም አየሩ፣ ሌንሱ፣ የሌንሱ ማቀፊያ፣ ቱቦው፣ መቆሚያው፣ ካሜራው ወይም የተመልካቹ ዓይን ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ትምህርት ቤት አነስተኛ ቴሌስኮፕ አግኝቶ በመጀመሪያው ሌሊት የተዛባ ምስል ሲያይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊፈጸም ይችላል። አንደኛው መሣሪያው «ተበላሽቷል» ተብሎ ሳይመረመር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መግባቱ ነው። ሁለተኛው መንስኤው ሳይታወቅ ሌንሱ በካቻቢቴ ተፈትቶ ከፋብሪካ ተስተካክሎ የመጣው አቀማመጥ መናጋቱ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ደኅናውን መሣሪያ ከተማሪዎች እጅ ያወጣል፤ ሁለተኛው ደግሞ ደኅናውን መሣሪያ በእርግጥ ያበላሸዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመሪ ቴሌስኮፕ ላይ የሚታዩ የኮከብ ምስል መዛባቶችን ከነመንስኤዎቻቸው መግለጽ፣ መንስኤውን ለመለየት የሚያስችለውን ቅደም ተከተል ማመልከት፣ እንዲሁም ምርመራው በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁኔታ እንዴት ሊካሄድ እንደሚችል ማስረዳት ነው። የዘዴው መሠረት አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየተለወጠ የምስሉ ለውጥ ከተመዘገበ፣ መንስኤው ከሌሎቹ ተለይቶ ይታወቃል።

1. የመሪ ቴሌስኮፕ ተግባር

መሬት በዛቢያዋ ላይ ስለምትሽከረከር ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ይመስላሉ። በሰማይ ወገብ አጠገብ ያለ ኮከብ በአንድ ሴኮንድ ጊዜ ውስጥ 15 የቅስት ሴኮንድ ያህል ይጓዛል። አንድ የቅስት ሴኮንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው። ደብዛዛ የሰማይ አካላትን ፎቶግራፍ ለማንሳት ለብዙ ደቂቃዎች ብርሃን የሚሰበስብ ቴሌስኮፕ ይህን ጉዞ በሞተር እየተከተለ መዞር ይኖርበታል። ይሁን እንጂ የሞተሩ ጥርሳም መዘውሮች ፍጹም ስላልሆኑ አከታተሉ ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ይህን ለማረም በዋናው ቴሌስኮፕ ላይ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይታሰራል፤ መሪ ቴሌስኮፕ የሚባለውም ይኸው ነው። በመሪው ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ ተመርጦ ያለማቋረጥ ይጠበቃል፤ ኮከቡ ከቦታው ፈቀቅ ባለ ቁጥር መቆሚያው ይታረማል።

አሠራሩ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1887 ፓሪስ ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ መላውን ሰማይ በፎቶግራፍ ለመመዝገብ በተወሰነ ጊዜ፣ ለሥራው የተመረጠው የ33 ሴንቲሜትር ሌንስ ያለው የፎቶግራፍ ቴሌስኮፕ መሪ ቴሌስኮፕ አብሮት የተገጠመለት ነበር። በዚያ ዘመን የሥነ ፈለክ ባለሙያው ዓይኑን ከመሪው ቴሌስኮፕ ሳያነሳ ኮከቡ ከመስቀለኛው ክር እንዳይወጣ በእጁ እያስተካከለ ይቆይ ነበር። ዛሬ ይህን ተግባር አነስተኛ ካሜራና ኮምፒውተር ያከናውኑታል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለሚቀርቡት ስሌቶች ሁሉ እንደ ምሳሌ የሚወሰደው የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 200 ሚሊሜትር የሆነ መሪ ቴሌስኮፕ ነው። የካሜራው እያንዳንዱ ፒክስል ስፋት 3.75 ማይክሮን ሲሆን፣ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የዚህ ዓይነት መጠን ያላቸው መሣሪያዎች በብዛት የተለመዱ ናቸው።

2. ደኅና የኮከብ ምስል ምን ይመስላል?

መዛባትን ለማወቅ አስቀድሞ ትክክለኛውን ማወቅ ያስፈልጋል። ብርሃን የሞገድ ጠባይ ስላለው ፍጹም የሆነ ሌንስ እንኳ ኮከብን ወደ ፍጹም ነጥብ ሊሰበስብ አይችልም። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1835 እንዳስረዳው፣ በክብ ቀዳዳ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን ትንሽ ክብ ገጽ ይሠራል፤ ዙሪያውንም ደብዛዛ ቀለበቶች ይከቡታል። በምሳሌው ቴሌስኮፕ የዚህ ክብ ገጽ ስፋት 5.5 የቅስት ሴኮንድ ያህል ሲሆን፣ በካሜራው ላይ የሚይዘው ቦታ 5.4 ማይክሮን ገደማ ነው።

አንድ ፒክስል ከሰማይ የሚሸፍነውን ስፋት ለማግኘት 206 በፒክስሉ ስፋት በማይክሮን ተባዝቶ ለትኩረት ርቀቱ በሚሊሜትር ይካፈላል። በምሳሌው ቴሌስኮፕ 206 × 3.75 ÷ 200 = 3.9 የቅስት ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ ፍጹም የሆነ የኮከብ ምስል ከአንድ ፒክስል ተኩል አይበልጥም። በኮምፒውተር መስኮት ላይ ምስሉ ሲጎላ ኮከቡ ባለ አራት ማዕዘን ወይም ደረጃ ደረጃ ያለው መስሎ ቢታይ የፒክስሎቹ ቅርጽ እንጂ የሌንሱ ጉድለት አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ማስገንዘብ ይገባዋል።

3. የመዛባት ዓይነቶችና መንስኤዎቻቸው

ሀ) የትኩረት ስሕተት። በጣም የተለመደው መንስኤ ይህ ነው። በምሳሌው ቴሌስኮፕ የትኩረት ርቀቱ ለሌንሱ ስፋት ሲካፈል 4 ስለሚሆን፣ ትኩረቱ ጥሩ ነው የሚባለው ካሜራው ከትክክለኛው ቦታ ወደፊትም ሆነ ወደኋላ ከ0.018 ሚሊሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ ሲገኝ ነው። ካሜራው በ1 ሚሊሜትር ከራቀ ኮከቡ 67 ፒክስል ያህል ስፋት ያለው ክብ ይሆናል። በእጅ የሚገፋ የትኩረት ማስተካከያ ይህን ያህል ረቂቅ ልዩነት በቀላሉ ስለማይታዘዝ፣ ብዙዎቹ «መጥፎ ሌንሶች» ትኩረታቸው ያልተስተካከለ ሌንሶች ናቸው።

ለ) እንቅስቃሴ። መቆሚያው ሰማዩን የማይከተል ከሆነ በምሳሌው ካሜራ ላይ ኮከቡ በአንድ ሴኮንድ 4 ፒክስል ያህል ይጓዛል። በዚህ ጊዜ በምስሉ ውስጥ ያሉት ከዋክብት ሁሉ በአንድ አቅጣጫ በእኩል ርዝመት ይሞላላሉ። ነፋስ፣ የላላ ብሎን፣ በአጠገብ የሚራመድ ሰው ወይም የተወጠረ የኤሌክትሪክ ገመድም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላሉ።

ሐ) አየር። የተለያየ ሙቀት ያላቸው የአየር ክፍሎች ብርሃንን በየጊዜው በተለያየ መጠን ስለሚሰብሩ ምስሉ እንደሚፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ቴሌስኮፑ ከሞቀ ክፍል ወዲያው ወደ ብርድ ከወጣም በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው አየር ይህንኑ ያደርጋል። በተጨማሪም ኮከቡ ለአድማስ ከቀረበ አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ይበልጥ ስለሚሰብረው፣ ምስሉ ከአድማሱ ወደ ላይ በቆመ አቅጣጫ ይረዝማል፤ አንዱ ጫፉ ወደ ሰማያዊ ሌላው ወደ ቀይ ያደላል።

መ) ሌንሱና ማቀፊያው። ሌንሱ በቱቦው ዛቢያ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ኮከቡ ኮማ የሚባለውን ቅርጽ ይይዛል፤ ይኸውም በአንድ ወገን ብሩህ ራስ፣ በሌላው ወገን የሚሰፋ ደብዛዛ ጅራት ነው። የሌንሱ ገጽ በሁለት ቀጤ ነክ አቅጣጫዎች እኩል ካልጎበጠ አስቲግማቲዝም ይከሠታል፤ ምስሉ ከትኩረቱ ወዲህ በአንድ አቅጣጫ፣ ከትኩረቱ ወዲያ ደግሞ በቀጤ ነክ አቅጣጫ ይረዝማል፤ በመካከሉም መስቀል መሰል ይሆናል። ሌንሱ በማቀፊያው ከተጨቆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ኮከብ ሊታይ ይችላል። ይህ በተለይ በብርድ ጊዜ ይብሳል። አሉሚኒየም በቅዝቃዜ የሚኮማተረው ከመስታወት ሦስት እጥፍ ያህል ነው። የሙቀቱ መጠን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ 50 ሚሊሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቀለበት 0.023 ሚሊሜትር ሲጠብ፣ በውስጡ ያለው ሌንስ የሚጠበው 0.007 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ቀን በሙቀት ልክ የነበረ ማቀፊያ ሌሊት ሌንሱን ጨምቆ ሊይዘው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በተለየ በብሩህ ኮከብ ዙሪያ የሚታየው ሐምራዊ ጭጋግ የሁለት ምስሪት ሌንሶች የተለመደ ጠባይ ነው፤ ሁሉንም ቀለማት በአንድ ነጥብ ስለማይሰበስቡ የሚመጣ በመሆኑ ብልሽት ተደርጎ አይቆጠርም። በሌንሱ ላይ ጤዛ ሲያርፍም ደብዛዛ ክብ ጭጋግ ይታያል፤ ነገር ግን ጤዛው ሲደርቅ አብሮ ይጠፋል።

ሠ) ካሜራው። ካሜራው በቱቦው ጫፍ ላይ ጥቂት ዘመም ብሎ ከተቀመጠ የምስሉ አንድ ጎን ጥርት ብሎ ተቃራኒው ጎን ይደበዝዛል። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ 4.8 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ የ1 ዲግሪ መዝመም ጠርዙን በ0.04 ሚሊሜትር ከትኩረት ያወጣዋል። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው 0.018 ሚሊሜትር ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ኮከቡን ወደ 3 ፒክስል ያሰፋዋል። እንዲሁም አንዳንድ ፒክስሎች ብርሃን ሳይደርሳቸው ብሩህ ሆነው ስለሚታዩ ኮከብ ሊመስሉ ይችላሉ። ክዳኑ ተገጥሞም የሚታይ «ኮከብ» የካሜራው ጉድለት ነው።

ረ) የተመልካቹ ዓይን። ካሜራ በሌለበት በዓይን በሚደረግ ምርመራ ዓይን ራሱ አንዱ ሌንስ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1825 የራሱ ግራ ዓይን የብርሃንን ነጥብ እንደ መስመር አድርጎ እንደሚያሳየው በሙከራ አረጋግጦ፣ ይህንኑ የሚያርም መነጽር እንዲሠራለት አድርጓል። ተመልካቹ ራሱን ወደ ጎን ሲያዘነብል የመዛባቱ አቅጣጫ አብሮ ከዞረ መንስኤው ዓይኑ ነው።

4. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከላይ እንደተመለከተው የተለያዩ መንስኤዎች ተመሳሳይ ቅርጽ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሞላላ ኮከብ ከእንቅስቃሴ፣ ከአየር፣ ከሌንስ ወይም ከካሜራ ሊመጣ ስለሚችል ቅርጹን ብቻ አይቶ መፍረድ አያስተማምንም። ከዚህ ቀጥሎ የተመለከቱት ስድስት እርምጃዎች መንስኤዎቹን አንድ በአንድ ለማግለል ያስችላሉ።

አንደኛ፣ ቴሌስኮፑ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ ቆይቶ ከአየሩ ጋር እኩል እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ትኩረቱ በጥንቃቄ ይስተካከላል፤ የካሜራውና የቱቦው ብሎኖች መጥበቃቸውም ይረጋገጣል።

ሁለተኛ፣ ብርሃን የመቀበያው ጊዜ ይለወጣል። በ2 ሴኮንድ የተነሣው ምስል ሞላላ ሆኖ በ0.1 ሴኮንድ የተነሣው ክብ ከሆነ መንስኤው እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱም እኩል ከሞላሉ እንቅስቃሴው ይገለላል።

ሦስተኛ፣ ምስሉ በመካከልና በአራቱ ማዕዘኖች ይመረመራል። መካከሉ ጥርት ብሎ አራቱም ማዕዘኖች በእኩል ከተዛቡ የሌንሱ ዓይነት የሚያመጣው የተፈጥሮ ወሰን ነው። አንድ ጎን ብቻ ከተዛባ የካሜራው ወይም የትኩረት ማስተካከያው መዝመም ይጠረጠራል። መካከሉን ጨምሮ ሁሉም በአንድ ዓይነት ከተዛባ ወደ ሌንሱና ወደ ማቀፊያው መመልከት ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ትኩረቱ ሆን ተብሎ በመጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ ወደ ውጭ በእኩል መጠን ይታወካል። በትኩረት ላይ ያለው ኮከብ ከሁለት ፒክስል ስለማይበልጥ ዝርዝሩን ይደብቃል፤ ሲሰፋ ግን ጉድለቱ ይገለጣል። በሁለቱም ወገን ክብና አንድ ዓይነት ከሆነ ሌንሱ ደኅና ነው። ሞላላው አቅጣጫውን በሩብ ዙር ከለወጠ አስቲግማቲዝም ነው። ብሩሁ ክፍል ከመካከል ወደ አንድ ወገን ካደላ ኮማ ነው። ክቡ ወደ ሦስት ማዕዘን ከተለወጠ ሌንሱ ተጨቁኗል። የክቡ አንድ ጎን የተቆረጠ ከመሰለ ከሌንሱ ፊት ብርሃን የሚከለክል ነገር አለ።

አምስተኛ፣ ካሜራው ብቻ በቦታው ላይ ሩብ ዙር እንዲዞር ይደረጋል። የመዛባቱ አቅጣጫ ወይም የተዛባው ጎን በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ እንደ ቀድሞው ከቀጠለ፣ ጉድለቱ ከካሜራው ጋር ዞሯል ማለት ነው። በመስኮቱ ላይ ሩብ ዙር ከዞረ ግን ጉድለቱ ከካሜራው ፊት ያለ ነው።

ስድስተኛ፣ ካሜራው ከቱቦው ጋር እንደተያያዘ ቱቦው በሙሉ በማሰሪያ ቀለበቶቹ ውስጥ ሩብ ዙር ይዞራል። በመስኮቱ ላይ ምንም ለውጥ ካልታየ ጉድለቱ ከቱቦው ጋር ዞሯል፤ ስለዚህ ሌንሱ፣ ማቀፊያው ወይም ካሜራው ነው። አቅጣጫው ከተለወጠ መንስኤው ከቱቦው ውጭ ነው፤ ይኸውም አየሩ ወይም ቱቦውን አጥብቀው የያዙት የቀለበቶቹ ብሎኖች ሊሆኑ ይችላሉ።

እያንዳንዱ እርምጃ ሲፈጸም ሰዓቱ፣ የኮከቡ ስም፣ ብርሃን የመቀበያው ጊዜና የምስሉ ቅርጽ በመዝገብ ይጻፋል። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ከተለወጡ የተገኘው ውጤት የየትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ሙከራው እንደገና መጀመር ይኖርበታል።

5. የሰሜን ኮከብ በኢትዮጵያ ለምን ለዚህ ሙከራ አይመችም?

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለሚኖሩ ተጠቃሚዎች የተጻፉ የቴሌስኮፕ መመሪያዎች ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ በአብዛኛው የሰሜን ኮከብን ይመርጣሉ። ምክንያታቸው ትክክለኛ ነው፤ ኮከቡ ለሰማይ ዋልታ እጅግ የቀረበ ስለሆነ ከቦታው የሚነቃነቅ አይመስልም። መቆሚያው ባይከተለውም ምስሉ አይረዝምም።

ይሁን እንጂ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከቦታው የሰሜን ኬክሮስ ጋር እኩል ለመሆን ይቀርባል። በለንደን ከፍታው 51 ዲግሪ ያህል ሲሆን በአዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ በባሕር ዳር ከ11 እስከ 12 ዲግሪ፣ በአርባ ምንጭ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በ9 ዲግሪ ከፍታ የሚመጣ ብርሃን የሚያልፍበት አየር ከራስ በላይ ካለው ኮከብ ብርሃን ስድስት እጥፍ ያህል ነው። በዚህ አየር ውስጥ ያለፈ ኮከብ ይንቀጠቀጣል፤ ሽቅብ ይረዝማል፤ ቀለሙም ይከፈላል። መመሪያውን ቃል በቃል የተከተለ መምህር ደኅና ቴሌስኮፕ ይዞ «ሌንሱ አስቲግማቲዝም አለበት» ከሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ሊደርስ ይችላል። መመሪያው አልተሳሳተም፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ኬክሮስ ነው።

በኢትዮጵያ ለሙከራው የሚሻሉት ከራስ በላይ ተጠግተው የሚያልፉ ብሩህ ከዋክብት ናቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ቤቴልጅዩስ በየካቲት፣ ፕሮስዮን በመጋቢት፣ ሬጉሉስ በሚያዝያ፣ አልታይር በመስከረም ከፍ ብለው ይገኛሉ። በተለይ አልታይር ከሰማይ ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ስለሚገኝ በአዲስ አበባ ላይ በትክክል ከራስ በላይ ያልፋል። እነዚህ ከዋክብት በፍጥነት ስለሚጓዙ የማይከተል መቆሚያ ላይ ብርሃን የመቀበያው ጊዜ ከ0.1 ሴኮንድ መብለጥ የለበትም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮከቡ የሚጓዘው 1.5 የቅስት ሴኮንድ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ፒክስል ግማሽ በታች ስለሆነ ምስሉን አያዛባም።

6. በትምህርት ሰዓት የሚደረግ ሙከራ

ተማሪዎችን በሌሊት መሰብሰብ ለብዙ ትምህርት ቤቶች አስቸጋሪ ነው። ሆኖም የሌንሱና የካሜራው ምርመራ በቀን፣ በሰው ሠራሽ ኮከብ ሊፈጸም ይችላል። ለዚህም ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣ፣ የተወለወለና ዝገት የሌለው 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ኳስ ይበቃል። ኳሱ በጥቁር ጨርቅ ላይ ተቀምጦ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ 0.02 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው የፀሐይ ምስል ይታያል። ከ20 ሜትር ርቀት ሲታይ ይህ ከ0.3 የቅስት ሴኮንድ በታች ስለሚሆን ለምሳሌው ቴሌስኮፕ ከእውነተኛ ኮከብ አይለይም። ኳሱ ከኮከብ የቀረበ በመሆኑ ካሜራው ለሰማይ ከሚቀመጥበት ቦታ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል።

የሚሻለው ሰዓት መሬቱ ሳይሞቅ በጧት ነው፤ ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ይልቅ በሣር ላይ የሚያልፍ መስመር ይመረጣል። ፀሐይ ከተመልካቹ በስተኋላ መሆን አለባት። ቴሌስኮፑ በምንም ምክንያት ወደ ፀሐይ እንዳይዞር መምህሩ አጥብቆ መጠበቅ ይገባዋል። በቴሌስኮፕ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ዓይንን በቅጽበት ያሳውራል፤ ካሜራንም ያቃጥላል።

ይህ ሙከራ ሌላም ጥቅም አለው። ኳሱ ስለማይንቀሳቀስና አየሩ አጭር ስለሆነ የጉዞና የሰማይ አየር ተጽዕኖ ገና ከመጀመሪያው ተወግዷል። በኳሱ ላይ ክብ የሆነ ምስል በሌሊት ከሞላላ መንስኤው ሌንሱ እንዳልሆነ ይታወቃል፤ የሌሊቱ ብርድ ማቀፊያውን አጥብቆት እንደሆነ ግን በአራተኛው እርምጃ ይጣራል።

7. የሚታረመውና የሚታለፈው

መንስኤው ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ መታረም አለበት ወይ የሚለው ነው። መልሱ መሣሪያው ከሚሰጠው አገልግሎት ይመነጫል። መሪ ቴሌስኮፕ የሚያምር ፎቶግራፍ እንዲያነሳ አይጠበቅበትም፤ የሚፈለግበት የኮከቡን ቦታ ማመልከት ነው። ኮምፒውተሩ በኮከቡ ምስል ውስጥ ያሉትን ፒክስሎች ብርሃን መዝኖ የብርሃኑን ማእከል ያሰላል፤ በዚህም የፒክስልን ክፋይ የሚያህል መፈናቀል ያውቃል። ምስሉ ጥቂት ሞላላ ወይም ባለ ጅራት ቢሆንም ቅርጹ ከሰዓት ሰዓት እስካልተለወጠ ድረስ ማእከሉ በአንድ ቦታ ይጸናል፤ አመራሩም ይሠራል። እንዲያውም ኮከቡ በአንድ ፒክስል ውስጥ ብቻ ከሚወድቅ ጥቂት ሰፋ ብሎ በብዙ ፒክስሎች ላይ ቢያርፍ ለስሌቱ ይመቻል።

ስለዚህ በማዕዘኖች ብቻ የሚታይ መዛባት፣ ሐምራዊ ጭጋግና መጠነኛ ኮማ ሊታለፉ ይችላሉ፤ መሪው ኮከብ ለመካከል ከቀረቡት እንዲመረጥ ማድረግ ይበቃል። ሊታለፍ የማይገባው የሚለዋወጥ መዛባት ነው። የላላ የትኩረት ማስተካከያ፣ የሚንሸራተት ካሜራና በገመድ ክብደት የሚጎብጥ ማሰሪያ በቸልታ አይታለፉም። መሪው ኮከብ ክብ ሆኖ ሳለ በዋናው ቴሌስኮፕ ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ከዋክብት ከረዘሙ፣ ሁለቱን ቴሌስኮፖች የሚያያይዘው ማሰሪያ እየጎበጠ መሆኑ ሊጠረጠር ይገባል።

የተጨቆነ ሌንስ ሲያጋጥም የማቀፊያው ቀለበት በጥቂቱ ብቻ ይላላል። ቱቦው በቀስታ ሲነቀነቅ ሌንሱ ለጆሮ በጭንቅ የሚሰማ ድምፅ ከሰጠ በቂ ነው። ከዚህ አልፎ ሌንሱን ከማቀፊያው ማውጣት ወይም ሁለቱን ምስሪቶች መለያየት አይገባም። አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጠበት አቅጣጫ ከተለወጠ በትምህርት ቤት መሣሪያ ሊመለስ አይችልም።

8. ከሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ የሚገኝ ትምህርት

የኮከብን ምስል አይቶ ጉድለትን መለየት ለትላልቆቹ መሣሪያዎችም የሚያገለግል መሆኑን የሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ታሪክ ያስረዳል። የ2.4 ሜትር መስተዋት ያለው ይህ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1990 ወደ ጠፈር ከተላከ በኋላ የከዋክብቱ ምስል በሰፊ ጭጋግ የተከበበ ሆኖ ተገኘ። 70 በመቶ ያህሉ ብርሃን በመካከል ይሰበሰባል ተብሎ ሲጠበቅ የተሰበሰበው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከምስሎቹ በመነሣት የመስተዋቱ ጠርዝ ከሚገባው በ2.2 ማይክሮን ያህል ዝቅ ብሎ መሞረዱ ታወቀ። መነሻውም መስተዋቱ በተሠራ ጊዜ ለመለኪያ ባገለገለው መሣሪያ ውስጥ አንድ ሌንስ በ1.3 ሚሊሜትር ያለቦታው መቀመጡ ነበር።

ለትምህርት ሰዎች ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚቴ እንዳረጋገጠው፣ በፋብሪካው የተደረጉ ሌሎች ሁለት ቀለል ያሉ ሙከራዎች ጉድለቱን አሳይተው ነበር። ሆኖም ዋናው መለኪያ ይበልጥ የረቀቀ ስለነበረ በእርሱ ታምኖ የእነርሱ ውጤት ችላ ተባለ። ጉድለቱ መጠኑ በትክክል ስለታወቀ የሚያርሙ መሣሪያዎች ተሠርተው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ገጠሙለት፤ ቴሌስኮፑም የታለመለትን ምስል መስጠት ጀመረ።

9. ለመምህራንና ለፕላን አውጪዎች የሚቀርቡ ሐሳቦች

ምርመራው ለመምህራን የፊዚክስን ትምህርት ከተግባር ጋር የሚያገናኝ መልካም አጋጣሚ ነው። የብርሃን መሰበር፣ የትኩረት ርቀት፣ የቁስ አካላት በሙቀት መስፋትና መጥበብ፣ የመሬት መሽከርከር፣ የማዕዘን ልኬት ሁሉም በአንድ የተዛባ ኮከብ ውስጥ ይገኛሉ። ተማሪዎች በቡድን ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን አንድን መንስኤ ይዞ ቢሟገትና የትኛው ሙከራ እንደሚያስተባብለው አስቀድሞ ቢገልጽ፣ ግምትን ከማስረጃ የመለየት ልማድ ያዳብራሉ። በመዝገቡ ላይ የሚጠበቀው ውጤት ከሙከራው በፊት፣ የተገኘው ከሙከራው በኋላ መጻፍ ይኖርበታል።

ፕላን አውጪዎች በበኩላቸው አራት ነገሮችን ቢያስቡባቸው ይጠቅማል። በመጀመሪያ፣ ቴሌስኮፕ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲገኝ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ የርክክብ ሙከራ እንዲደረግ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ የብረት ኳሱ ሙከራ አንድ ጧት አይፈጅም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የምርመራ መዝገብ ቢኖረው አዲስ የሚመደብ መምህር ከቀድሞው ሥራ ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ሲተረጎሙ ከአገሪቱ ኬክሮስ ጋር እንዲገናዘቡ ማድረግ ይገባል። አራተኛ፣ መሣሪያ ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል ተብሎ ከመሰረዙ በፊት ከላይ የተገለጹት ስድስት እርምጃዎች የተፈጸሙ መሆናቸው ቢጠየቅ አላስፈላጊ ወጪ ይድናል።

ማጠቃለያ

የተዛባ የኮከብ ምስል መንስኤው እስኪለይ ድረስ የመሣሪያው መበላሸት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ብርሃን የመቀበያውን ጊዜ፣ የትኩረቱን ቦታ፣ የካሜራውንና የቱቦውን አቅጣጫ በየተራ በመለወጥ እንቅስቃሴን ከአየር፣ አየርን ከሌንስ፣ ሌንስን ከካሜራ መለየት ይቻላል። ከተገኙት ጉድለቶች አንዳንዶቹ አንድ ብሎን በማጥበቅ ወይም በማላላት ይታረማሉ፤ አንዳንዶቹም ለመሪ ቴሌስኮፕ ተግባር እንቅፋት ስለማይሆኑ ሊተዉ ይችላሉ። ለሙከራው የሚያስፈልጉት ከራስ በላይ የሚያልፍ ብሩህ ኮከብ ወይም አንድ የኩሽኔታ ኳስ፣ መዝገብና ትዕግሥት ናቸው። እነዚህ ደግሞ በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊገኙ ይችላሉ።